ታወር ሲጠፋ፦ የአደጋ ጊዜ ኔትወርክ ሲሙሌሽንና የፒያሳ ቁልቁለት

እ.ኤ.አ. በ2011 ጃፓንን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ 29,000 ያህል የሞባይል ጣቢያዎችን ከሥራ ውጭ አድርጓል። ማዕበል የወሰዳቸው አሉ፤ አብዛኞቹ ግን መብራት ተቋርጦ ባትሪያቸው በማለቁ ነው የተዘጉት። የአዲስ አበባዋ ፒያሳም ለአደጋ እንግዳ አይደለችም፦ ጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ተቃጥሏል፤ በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ ተራራ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ እዚያ ድረስ ተሰምቷል።

ስልኮችና ሬዲዮዎች ያለ ታወር መልእክት እየተቀባበሉ የሚያደርሱበት ዘዴ ሞባይል አድሆክ ኔትወርክ ይባላል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የአሜሪካ መከላከያ ያስጠናው የፓኬት ሬዲዮ ነው።

አደጋ አስነስቶ መሞከር ስለማይቻል፣ ጥናቱ በአብዛኛው እንደ ኤንኤስ-3 እና ኦምኔት ባሉ ሲሙሌተሮች ይካሄዳል። የሚወዳደሩት መንገድ ፈላጊ ፕሮቶኮሎች ናቸው። ከእነሱ መካከል ኤኦዲቪ መንገድ የሚፈልገው የሚላክ ነገር ሲኖር ብቻ ነው፤ ኦኤልኤስአር ግን የመንገዶቹን ሰንጠረዥ ሳያቋርጥ ያድሳል። ሰዉ ተበታትኖ ቅብብሉ ሲቆረጥ ሁለቱም ይቸገራሉ። ያኔ የሚያዋጣው መልእክቱን ይዞ ቆይቶ ለሚያገኙት ማቀበል ነው። ለዚህ ዓይነቱ ጥናት የተሠራው «ዘ ዋን» ሲሙሌተር የሄልሲንኪን ካርታ ይዞ ይመጣል።

ውጤቱን ይበልጥ የሚለውጠው ግን የሰዎቹ አካሄድ ነው። ብዙ ጥናቶች ሰዉን በባዶ ሜዳ ላይ በዘፈቀደ ያንቀሳቅሱታል። የእሳት አደጋ ሠራተኛ እንዲያ አይዞርም። የቦን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረቡት ሞዴል የአደጋው ስፍራ፣ የተጎጂዎች መቆያ፣ ማከሚያውና የአምቡላንስ መጫኛው ተለይተዋል፤ እያንዳንዱ ቡድን በየድርሻው ይመላለሳል።

ይህ ሞዴል ፒያሳ ላይ ሲሞከር ሌላ ችግር ይጨመራል። አንድ ሠራተኛ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጋ ቆሞ ሌላው ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቢወርድ፣ ቁልቁለቱና ሕንፃዎቹ ሲግናሉን ይጋርዱታል። ሜዳ ብቻ የሚያውቅ ሲሙሌሽን ግን ርቀታቸውን አይቶ «ተገናኝተዋል» ሊል ይችላል። ካርታውም ያረጃል፦ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈርና አካባቢው ፈርሰው በኮሪደር ልማቱ መንገዱ ተለውጧል። የቆየ ካርታ የተጫነበት ሲሙሌሽን አምቡላንሱን በሌለ ቅያስ ይነዳል።

እንግዲህ ፕሮቶኮል ከመምረጥ በፊት ዳገቱን መለካት፣ ካርታውን ማደስ፣ በእሳት አደጋ ስልክ ቁጥር 939 ጥሪ ሲደርሳቸው እንዴት እንደሚሰማሩ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹን መጠየቅ ይቀድማል። ሲሙሌሽኑ የሚሰጠው ውጤትም በጥቂት ስልኮች ከጊዮርጊስ እስከ ድልድዩ ተሞክሮ ካልተረጋገጠ፣ ፕሮቶኮሎችን ለማወዳደር እንጂ የሰው ሕይወት የሚተማመንበትን ኔትወርክ ለመዘርጋት አይበቃም።