የሥልጠና ሹም ተግባርና የሠልጣኙ መጨረሻ

በየመሥሪያ ቤቱ «የሥልጠና ክፍል» የሚል ጽሕፈት በበሩ ላይ የተለጠፈበት ቢሮ አይታጣም። በዚያ ቢሮ የሚቀመጠው ሹም ተግባሩ ምንድን ነው ተብለን ብንጠየቅ፥ አብዛኞቻችን ሠራተኞችን መርጦ ወደ ትምህርት መላክና ሲጨርሱም የምስክር ወረቀት ማደል ነው ብለን እንመልስ ይሆናል። ይህ መልስ ሐሰት ባይሆንም ግማሽ ነው። የዚህም ጽሑፍ ዓላማ ቀሪውን ግማሽ በተቻለ መጠን ማስረዳት ነው።

የሥልጠና ሹም ሥራ በሦስት ሊከፈል ይችላል። አንደኛው፥ ሠራተኛው የጐደለው ዕውቀት የትኛው እንደ ሆነ መርምሮ ማወቅ ነው። ሥራ የሚበላሸው ሁልጊዜ ባለማወቅ አይደለም፤ መሣሪያ ሲጐድል፥ ደመወዝ ሲያንስ፥ የሁለት አለቆች ትእዛዝ ሲጋጭም ይበላሻል። እንዲህ ያለውን ጉድለት ትምህርት አያቃናውም። ሁለተኛው ማስተማሩ ነው። ሦስተኛው የተማሩት ነገር በሥራ ላይ መዋሉን መከታተል ነው።

ስለ ማስተማሩ ብዙ ልምድ የተገኘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። በአሜሪካ ብዙ ሠራተኞች ወደ ጦር ሜዳ ስለ ሄዱ ፋብሪካዎች አዲስ ሰዎችን በፍጥነት ማሠልጠን ግድ ሆነባቸው። ስለዚህ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1945 ድረስ የሥራ አለቆችን ራሳቸውን አስተማሪ የሚያደርግ ዘዴ አስፋፋ። ዘዴው አራት ደረጃ ነበረው፤ ይኸውም ሠልጣኙን ማዘጋጀት፥ ሥራውን እያሳዩ መንገር፥ ሠልጣኙ ራሱ እንዲሠራው ማድረግ፥ በመጨረሻም ሥራውን ለእርሱ ለቆ እየተመላለሱ መጐብኘት ነው። ከጦርነቱ በኋላ ይኸው ዘዴ በጃፓን ፋብሪካዎችም ተስፋፍቷል።

የሥልጠናን ውጤት ስለ መመዘን ደግሞ አሜሪካዊው ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 ማውጣት በጀመራቸው ጽሑፎች አራት ነገሮች እንዲመረመሩ አሳስቧል። ሠልጣኞቹ ትምህርቱን ወደዱትን? ዕውቀቱን አገኙትን? አሠራራቸው ተለወጠን? መሥሪያ ቤቱስ ምን ተጠቀመ? የፊተኞቹ ሁለት ጥያቄዎች እዚያው በትምህርት ክፍሉ ይመለሳሉ። የኋለኞቹ ሁለት ግን የሚመለሱት ሠልጣኙ ወደ ጠረጴዛው ከተመለሰ በኋላ ነው። የሥልጠና ሹሙ ከባዱ ሥራም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ለዚህ ከአገራችን የኢትዮጵያ አየር መንገድን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲቋቋም ቲ ደብሊው ኤ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ተዋውሎ ነበር፤ በመጀመሪያ አብራሪዎቹም የጥገና ባለሙያዎቹም ሥራ አስኪያጁም ከውጭ የመጡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የአውሮፕላን አዛዥ ለመሆን የበቁ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኑ። በሥራ አስኪያጅነት በኩል ግን ኢትዮጵያዊ ምክትል የተሾመው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን፥ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ኮሎኔል ስምረት መድኀኔ የተሾሙት በ1971 ነው። እንግዲህ መሪውን ለመረከብ 12 ዓመት፥ የሥራ አስኪያጁን ወንበር ለመረከብ ግን 26 ዓመት ፈጅቷል ማለት ነው።

ይህ ልዩነት ከምን መጣ? ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ በእኔ አስተያየት ግን አንዱ የሚከተለው ነው። አብራሪ ሲሠለጥን ከአዛዡ በስተቀኝ የሚቀመጥበት ወንበር አለው። እዚያ ተቀምጦ መሪውን ይይዛል፤ ቢሳሳት የሚያርመው ሰው አጠገቡ አለ፤ የበረረበትም ሰዓት ይመዘገባል። በቢሮ ሥራ ግን እንዲህ ያለ ወንበር ሆነ ብሎ ካላዘጋጁት በራሱ አይገኝም። የ1966ቱ ምክትልነት ለአስተዳደር ሥራ የተዘጋጀ የቀኝ ወንበር ነበር ብንል ስሕተት አይሆንም፤ ከአምስት ዓመት በኋላም ፍሬው ታየ።

ይህ ወንበር ሲታጣ ምን እንደሚሆን ባለፈው ክረምት ለተግባር ልምምድ በተመደብሁበት አንድ መሥሪያ ቤት አይቻለሁ። በሒሳብ ክፍሉ ብዙ ዘመን ያገለገሉ አንድ ሠራተኛ በመሥሪያ ቤቱ ወጪ ሦስት ወር የበጀት አያያዝ ተምረው ተመልሰዋል። ሆኖም የተሰጣቸው ሥራ ያው የቀድሞው፥ ደረሰኝ መቍጠርና ማሰር ነበር። የሥልጠናው ክፍል ግን በዓመቱ ሪፖርት «ከሠለጠኑት» ቍጥር አስገብቷቸዋል። ለምን በጀቱን እንደማይሠሩ ብጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ እኔስ እንዳይጠፋኝ ብዬ ማታ ማታ ደብተሩን አነባለሁ፤ የሚጠይቀኝ ግን የለም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ «ይህን ያህል ሠራተኛ ሠለጠነ» የሚል ሪፖርት ባየሁ ቍጥር የኚህ ሰው ደብተር ትዝ ይለኛል።

አለቆች በበኩላቸው አዲስ ለሠለጠነ ሰው ሥራ ቢሰጡት ገንዘብ ያጠፋል፥ ወይም ልምድ ቀስሞ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ይሄዳል ብለው ይሠጋሉ። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ስሕተት አደጋ ሳይሆን እንዲታረም የቀኝ ወንበር አለ፤ ለመሄድ ይበልጥ የሚያስብም የሚሠራበት ያገኘው ሳይሆን የተማረውን የሚሠራበት ያጣው ይመስለኛል።

ስለዚህ የሥልጠና ሹም ሠራተኛውን ከመላኩ በፊት ከክፍሉ አለቃ ጋር በሦስት ነገር ቢስማማ ይበጃል፤ ሠልጣኙ ሲመለስ የትኛው ሥራ እንደሚሰጠው፥ ማን አጠገቡ ሆኖ እንደሚያርመው፥ በስንት ወርም ለብቻው እንደሚለቀቅለት። ይህ ስምምነት ካልተገኘ ገንዘቡን ለሌላ ነገር ማዋል ይሻላል።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። ሳይማሩ መጠምጠም ነውር መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ተምሮ የመጣውን ሰው ጥምጥም መንፈግም ከዚያ የማያንስ ነውር መሆኑን ግን ገና አላጤንነውም።