ያጠረው ክሮሞዞም

ከመተማ ሰሊጥ አጨዳ የተመለሰ የጎጃም ገበሬ በግራ ጎኑ፣ ከጎድን አጥንቱ ሥር ጠጣር ነገር ሲዳብስ ቀድመው የሚጠረጠሩት ወባና ካላዛር ናቸው። ሁለቱም ጣፊያ ያሳብጣሉና መጠርጠራቸው ተገቢ ነው። አንዳንዴ ግን ደብረ ማርቆስ ላይ ደሙ ሲቆጠር፣ በማይክሮ ሊትር ከ11 ሺህ ማለፍ የሌለበት ነጭ የደም ሕዋስ ከ100 ሺህ በላይ ሆኖ ይገኛል። ያኔ ሐኪሞቹ ሲኤምኤል የሚሉትን የደም ካንሰር ያስባሉ።

የዚህ በሽታ ሥር መታየት የጀመረው ፊላዴልፊያ ውስጥ ነው። ፒተር ናወል የታማሚ ሕዋሳትን በቧንቧ ውሃ ቢያጥቧቸው ሕዋሳቱ አብጠው ክሮሞዞሞቻቸው ተዘርግተው ታዩ። ዴቪድ ሀንገርፎርድ ደግሞ ከክሮሞዞሞቹ አንዱ አጥሮ አገኙት። ግኝቱ በ1960 እ.ኤ.አ. ታተመ።

ቁራጩ የት ገባ? ቺካጎ ላይ ጃኔት ራውሊ የክሮሞዞም ፎቶግራፎችን በመቀስ እየቆረጡ በቤታቸው የምግብ ጠረጴዛ ላይ ይደረድሩ ነበር፤ ልጆቻቸው እናታችን በወረቀት አሻንጉሊት ትጫወታለች እያሉ ይስቁ ነበር። በ1972 መልሱን አዩት፦ ካጠረው 22ኛው ክሮሞዞም የጠፋው 9ኛው ላይ ተለጥፏል። ከዚህ የበለጠ ትዕግሥት የሚያስተምር የምርምር ታሪክ አላውቅም።

በ1980ዎቹ መጋጠሚያው ሲመረመር ኤቢኤል የተባለው ዘረመል ቢሲአር ከሚባለው ጋር ተጣብቆ ተገኘ። የኤቢኤል ፕሮቲን ፎስፌትን ኤቲፒ ከተባለው የኃይል ሞለኪውል ወስዶ ሌሎች ፕሮቲኖች ላይ በመለጠፍ በሕዋሱ ውስጥ መልእክት ያስተላልፋል፤ ሥራው ሲያበቃ ያርፋል። ሲጣበቅ ግን እንደማያባራ ነጋሪት ሌት ተቀን «ተባዙ» ይላል።

ኢማቲኒብ የተባለው መድኃኒት የኤቲፒን ቦታ ቀድሞ በመያዝ ያስቆመዋል። ብራያን ድራከር በ1998 በጀመሩት ሙከራ በቀን 300 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከወሰዱት 54 ሕሙማን የ53ቱ የደም ቆጠራ ወደ ጤናማ ተመለሰ። ካንሰሩ ግን ዝም አላለም፤ በፕሮቲኑ 315ኛ ቦታ ላይ ያለው አሚኖ አሲድ ሲለወጥ መድኃኒቱ መግቢያ ያጣል።

ይኸው መድኃኒት፣ ግሊቬክ በሚል የንግድ ስሙ፣ በማክስ ፋውንዴሽን በኩል በነፃ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ደርሷል። ከደብረ ማርቆስ ግን 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መሐሉ ደግሞ የዓባይ በረሃ አለ። ለቲቢ ምርመራ በየሆስፒታሉ የገባው ጂን ኤክስፐርት ማሽን ይህን የተጣበቀ ዘረመል የሚለይ ካርትሪጅ ተሠርቶለታል። ካርትሪጁ ወደ ክልል ከተሞች መድረስ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም በሽታውን ከመለየት አልፎ የዘረመሉን መጠን ይለካል። ክኒኑን በትክክል እየዋጠ ያለ ሰው መጠኑ እንደገና ሲያሻቅብ፣ ሐኪሙ 315ኛውን ቦታ ለመጠርጠር ጊዜ ያገኛል።