የክትባት «ዌቨር» እና የቄሱ ደብዳቤ

«ከክትባት ነፃ የሚያደርግ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ቄስ ታውቃለህ?» በኮቪድ ሰሞን ግሪን ካርድ ለማመልከት ከተነሱ ወገኖቻችን አፍ ይህቺ ጥያቄ አትጠፋም ነበር። የኮቪድ ክትባት እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ ሲጠየቅ ቆየና፣ የአሜሪካ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት በጃንዋሪ 22 ቀን 2025 እዚሁ አገር ውስጥ ለሚያመለክቱ ሰዎች አስቀረው። ጥያቄዋ ግን አብራ አልቀረችም። አሁን ደግሞ ስለ ኩፍኝ፣ ስለ ሄፓታይተስ ቢ፣ ስለ ልጆች መርፌ ሆናለች።

እውነቱን ለመናገር «ዌቨር ያስፈልገኛል» ከሚለው ሰው አብዛኛው ችግሩ የሃይማኖት ሳይሆን የወረቀት ነው። ክትባቱን በልጅነቱ ወስዷል፣ ካርዱ ግን የለም። ወይም ካርዱ አለ፣ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ነው። በ2010 የተወለደ ልጅ ካርዱ ላይ «15/11/2002» የሚል ካለ፣ እኛ ሐምሌ 2002 ብለን እናነበዋለን። የአሜሪካው ሐኪም ግን ልጁ ከመወለዱ ከ7 ዓመት በላይ ቀድሞ የተከተበ ነው የሚመስለው! ካርዱን ሲያስተረጉሙ ቀኑንም አብሮ ማስቀየር የግድ ነው። በቃል «ወስጃለሁ» ማለት ደግሞ አይሠራም፤ የተጻፈ ማስረጃ ነው የሚፈለገው።

ካርድ የሌለውስ ምን ያድርግ? ለኩፍኝ፣ ለጆሮ ደግፍ፣ ለሩቤላና ለሄፓታይተስ ቢ መከላከያ አቅም በደሙ ውስጥ መኖሩን ላብራቶሪ ካረጋገጠ መርፌው ይቀርለታል። ለጉድፍ እንዲያውም «ይዞኝ ነበር» የሚለው ታሪክ አሳማኝ ከሆነ ሐኪሙ ሊቀበለው ይችላል። ሄፓታይተስ ቢ በኢትዮጵያ መደበኛ የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው በ2007 (እንደ አውሮፓውያን) ስለሆነ፣ ዛሬ ትልቅ ሰው የሆንን አብዛኞቻችን በልጅነታችን አልወሰድነውም። ክትባቱ በወራት ልዩነት በተከታታይ የሚሰጥ ነው፤ ሰዎችም «ይሄን ሁሉ ወር ልጠብቅ ነው እንዴ?» ብለው ይደነግጣሉ። መጠበቅ አያስፈልግም። ጊዜው የደረሰውን አንድ ዶዝ ወስዶ፣ ቀጣዩ ገና መሆኑን ሐኪሙ በፎርም አይ-693 ላይ ምልክት ያደርጋል። ይሄ ራሱ ዌቨር ነው፤ ሌላ ማመልከቻም ሆነ ለመንግሥት የሚከፈል ተጨማሪ ክፍያ የለውም። ነፍሰ ጡር ሴት የኩፍኝ ክትባት አይሰጣትም፤ ለእሷም፣ ከባድ አለርጂ ላለበትም፣ ዕድሜው ለክትባቱ ለማይመጥንም መንገዱ ያው ነው። ሐኪሙ ግን መሥሪያ ቤቱ የመደበው «ሲቪል ሰርጅን» የሚባለው መሆን አለበት። የግል ሐኪምዎ ያልተመደበ ከሆነ ፎርሙ ላይ ሊፈርምልዎት አይችልም።

አሁን ወደ ቄሱ ደብዳቤ እንምጣ። የክትባት ግዴታውን ያመጣው የ1996 ሕግ ለእምነትና ለኅሊና በር ከፍቷል። ይሄኛው ዌቨር በፎርም አይ-601 ለብቻው የሚጠየቅ ሲሆን፣ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ክፍያው 1,050 ዶላር ነው። አመልካቹ ሦስት ነገር ማሳየት አለበት። ክትባትን በማንኛውም መልኩ እንደሚቃወም፣ ተቃውሞው ከሃይማኖት ወይም ከሞራል እምነት የመነጨ መሆኑን፣ እምነቱም የእውነት መሆኑን። ለሕፃን ልጅ የወላጁ እምነት ይታያል።

ልብ በሉ፣ የሚመዘነው የቤተክርስቲያኑ ወይም የመስጊዱ አቋም አይደለም፤ የሰውየው የራሱ እምነት ነው። ሰውየው የታወቀ ሃይማኖት አባል መሆን እንኳ አይጠበቅበትም። ስለዚህ ዋናው ሰነድ አመልካቹ በራሱ ቃል የሚጽፈው ቃለ መሐላ ነው፤ የካህኑ ደብዳቤ ደጋፊ ብቻ ነው። ከዚህ በፊት የተወሰነ ክትባት የወሰደ ሰው ወዲያው ውድቅ አይደረግም፤ ለምን እንደወሰደና አሁን ምን እንደተለወጠ ግን ማስረዳት ይኖርበታል።

እኔን የሚከነክነኝ «በማንኛውም መልኩ» የምትለዋ ቃል ናት። አንዱን ክትባት ብቻ ኅሊናው ያልተቀበለው ሰው፣ ለምሳሌ የአሳማ ጀላቲን አለበት ብሎ የሚጨነቅ ሙስሊም ወንድማችን፣ ሌላውን ሁሉ ለመውሰድ ዝግጁ ቢሆንም በዚህ በር አይገባም። ሁሉን የሚቃወመው ያልፋል፣ አስቦ የለየው ይቀራል። ይሄ ለኔ ፍትሐዊ አይመስለኝም። በኮቪድ ጊዜም የብዙ ሰው ጥያቄ የወደቀበት ምክንያት ይኸው ነበር፤ «ሌላውን እወስዳለሁ፣ ይሄን ብቻ አልፈልግም» የሚለውን ሕጉ አያውቀውም።

ታዲያ አንዳንዱ ምን ያደርጋል? ያልሆነውን ሆኖ ይቀርባል። ከሌላ ሰው የተገለበጠ ቃለ መሐላ ላይ ስሙን ቀይሮ ይፈርማል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ዌቨሩ ቢከለከል ክትባቱን ወስዶ እንቅፋቱን ማንሳት ይቻላል። እምነትን አስመልክቶ ሆን ተብሎ የቀረበ ሐሰት ግን የማጭበርበር ጉዳይ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ዕድሜ ልክ የሚከተል እገዳ ነው። ለማስነሳትም ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያለው የትዳር ጓደኛ ወይም ወላጅ ከባድ ችግር እንደሚደርስበት ማረጋገጥ ይጠይቃል። ለአንድ የኩፍኝ መርፌ ሲባል እዚያ ድረስ መሄድ ምን ይሉታል?

እምነታቸው የእውነት ለሆነ ደግሞ የጊዜው ነገር አለ፤ በተለይ ቪዛ ከውጭ አገር ኤምባሲ ለሚጠይቁ። በዲቪ የተመረጠ ሰው ቪዛው በዚያው የበጀት ዓመት መጨረሻ፣ እስከ ሴፕቴምበር 30፣ ካልተሰጠው ዕድሉ አብሮ ይቃጠላል። አይ-601 ደግሞ ተመርምሮ እስኪወሰን ወራት የሚፈጅ ጉዳይ ነው፤ ቀኑ ስለደረሰ ተብሎ አይራዘምለትም። እንዲህ ያለ ሰው ጠበቃ ማማከር ያለበት ከሕክምና ምርመራው በኋላ ሳይሆን፣ የምርመራ ቀጠሮ ከመያዙ በፊት ነው።