ስለ ውሃ ዕቃ ንጽሕና

በጋምቤላ ከተማ አጠገብ በምትገኘው በጀዊ የሚኖሩ እናቶች በየዕለቱ ከቧንቧ እየቀዱ በጀሪካን ወደ ቤታቸው ውሃ ይወስዳሉ። ይህች ስፍራ የቀድሞ መጠለያቸው በጎርፍ የተጥለቀለቀባቸው የደቡብ ሱዳን ስደተኞች በ2007 ዓ.ም. የሰፈሩባት ናት። ቧንቧው ንጹሕ ሁኖ ሳለ ጀሪካኑ ያደፈ እንደሆነ፤ የውሃው ንጽሕና ከቤት ሳይደርስ ይጠፋል።

በጀሪካኑ ውጭና ውስጥ የሚለጠፈው አረንጓዴና ሙልጭልጭ ነገር ዋቅላሚ ይባላል። እርሱም ብርሃንና እርጥበት ባገኘ ጊዜ ይራባል፤ ነጭ ጀሪካንም ብርሃን ስለሚያሳልፍ ይበልጥ ይመቸዋል። በዚህ እድፍ ውስጥ የበሽታ ሕዋሳት ሊሸሸጉ ይችላሉ። በ2017 ዓ.ም. በጋምቤላ ክልል ኮሌራ መግባቱን ስናስብ፤ ነገሩ በቸልታ የሚታለፍ እንዳይደለ እንረዳለን።

ስለዚህ ለእናቶቻችንና ለእኅቶቻችን የምንመክረው ይህ ነው። አስቀድሞ ውጭውን፤ ይልቁንም እጀታውንና አፉን በሳሙናና በጨርቅ ማሸት ይገባል። ቀጥሎም ጥቂት የታጠቡ ድቡልቡል ጠጠሮችን ከሳሙና ውሃ ጋር ጨምሮ መነቅነቅ፤ ኋላም በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅ ነው። ሹል ድንጋይ ግን ፕላስቲኩን ይቧጭራል፤ የተቧጨረውም ስፍራ ለእድፍ ማደሪያ ይሆናል። በረኪና ለመጨመር የወደደች መጠኑን ከጤና ሠራተኛ ትጠይቅ፤ ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር ግን ከቶ አታቀላቅል፤ መርዛም አየር ይወጣልና።

በመጨረሻም ጀሪካኑን ከድኖ በጥላ ማኖር ነው። ይህ ሥራ ከጥቂት ሳሙናና ከትጋት በቀር ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ጥቅሙ ግን የሕፃናት ጤንነት ነው።