የጥንት አራዊት አጥንትና የስማቸው አመዳደብ

በአዲስ ከተማ በመርካቶ ገበያ ዕቃ ሁሉ በየተራው ተለይቶ ይቀመጣል። በምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት መለየት የለመደ ነጋዴ አንዲት ስባሪ አይቶ ከምን ዓይነት መኪና እንደ ወጣች ይናገራል፤ ሙሉውን መኪና አስቀድሞ ያውቀዋልና። ነገር ግን ማንም ሰው በሕይወት ያላየውን እንስሳ ከጥቂት አጥንት ብቻ ተነሥቶ ወገኑን መለየት እንዴት ይቻላል?

ይህ ጥያቄ ሳውሮፖድ የተባሉትን፥ አንገታቸው እጅግ የረዘመውን ታላላቅ ዲኖሰሮች የሚመረምሩትን ሊቃውንት ሲያደክም ኖሯል። መንገዳቸው ማነጻጸር ነው። ጥርሱ እንደ ማንኪያ የሰፋ ነውን ወይስ እንደ ችንካር የቀጠነ? በአንገቱ አጥንት ላይ የቆመው ሹል አንድ ነውን ወይስ ለሁለት የተከፈለ? የፊት እግሩስ ከኋላው ይረዝማልን? የእነዚህ ምልክቶች ድምር ወገኑን ያስታውቃል፤ የአካል ትልቅነት ብቻውን ግን ምስክር አይሆንም።

ቢሆንም ሊቅም ይሳሳታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1909 እስከ 1913 ዓ.ም. ዛሬ ታንዛኒያ በምትባለው አገር፥ በቴንዳጉሩ ኮረብታ፥ የአገሩ ሠራተኞች ብዙ አጥንት ቆፍረው እስከ ሊንዲ ወደብ ተሸከሙት፤ ከዚያም ወደ በርሊን ተላከ። በ1914 ዓ.ም. ጀርመናዊው ቬርነር ያኔንሽ ከዚህ መካከል አንዱን ግዙፍ እንስሳ፥ አሜሪካዊው ኤልመር ሪግስ በ1903 ዓ.ም. ብራኪዮሳውረስ ብሎ በሰየመው ወገን መደበው። ከ95 ዓመት በኋላ፥ በ2009 ዓ.ም.፥ እንግሊዛዊው ማይክል ቴይለር የሁለቱን አጥንት አስተያይቶ 26 ልዩነት ዘረዘረ፤ የአፍሪካውም እንስሳ ጂራፋቲታን ተብሎ ለብቻው ቆመ። ስሕተቱ ሊታረም የቻለው አጥንቱና የተገኘበት ስፍራ መዝገብ ተጠብቀው ስለ ቆዩ ነው።

በኢትዮጵያም በሙገር ወንዝ ስም በሚጠራው፥ ዕድሜው ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት በሚጠጋው የጭቃ ድንጋይ ውስጥ የዲኖሰር ጥርሶች ተገኝተው፥ ምርመራቸው በ2011 ዓ.ም. ታትሟል። ይሁን እንጂ ነጠላ ጥርስ ወገኑን ቢጠቁም የእንስሳውን ሙሉ አካል አይገልጽም፤ የሚቀረው ገና በገደሉ ውስጥ ነው። ከመጽሐፉ ተገንጥሎ ገበያ የወጣ ብራና ደብሩን የሚናገርለት እንደሚያጣ፥ ስፍራው ሳይጻፍ ከድንጋዩ የተነሣ አጥንትም ዘመኑን ያጣል። ስለዚህ እረኛ ወይም ድንጋይ ፈላጭ እንግዳ አጥንት ባገኘ ጊዜ፥ የወረዳው ሹምና የደብሩ አለቃ አጥንቱ ከስፍራው ሳይነሣ ቦታውን ጽፈው ቅርስ ለሚጠብቀው መሥሪያ ቤት ቢያስታውቁ፥ ለሚመጣው መርማሪ ትልቅ ውለታ ይሆናል።