ማሳው ሲታጨድ የሚከፈት ሜዳ

በታኅሣሥ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ጮቄ ተራራ የሚወጣ ሰው፣ የስናን ወረዳ ከተማ ከሆነችው ሮብ ገበያ ሲደርስ የሚያየው አገር በክረምት ያየው አገር አይመስለውም። ክረምቱን በጉምና በጭቃ የከረመው ደጋ ቢጫ ለብሷል። ገብሱ ታጭዷል፣ ነዶው ተከምሯል። ማለዳ አመዳይ ያነጣው ማሳ ረፋዱ ላይ ደርቆ ከእግር ሥር ይንኮሻኮሻል። ነሐሴ ላይ አንድ በሬ ጥሶ ቢገባበት ሽማግሌ ያስቀምጥ የነበረው መሬት፣ አሁን የጎረቤቱም የማዶኛውም ከብት ይግጥበታል። ባለማሳውም አይከለክልም፤ የእሱም ከብት ከሌላው ማሳ ላይ ነውና። በዓመት ውስጥ መሬት እንዲህ የሁሉ የሚሆንበት ጊዜ አጭር ነው። የገና ጨዋታ የሚኖረው በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ ነው።

ብዙ ሰው ገናን የአንድ ቀን ጨዋታ አድርጎ ያስበዋል። እኔ ግን ወቅት ያለው ጨዋታ ነው እላለሁ። ቀኑ የወቅቱ መዝጊያ ነው። እረኞቹ ዱላቸውን የሚያነሡት አዝመራው መነሣት ሲጀምር፣ የነቢያት ጾም በሚገባበት በኅዳር 15 አካባቢ ነው። ከዚያ ወዲያ ከብቶቹ ሲግጡ እነሱ ይለማመዳሉ። ትንንሾቹ ከትንንሾቹ፣ ጎረምሶቹ ከጎረምሶቹ፣ የአንዱ ጎጥ እረኛ ከሌላው ጎጥ እረኛ ይገጥማል። አባወራው፣ ቄሱ ሳይቀር፣ ወደ ሜዳው የሚወርደው ቅዳሴ ተፈጽሞ ጾሙ በተፈታበት በበዓሉ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። በዓሉ ታኅሣሥ 29 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ግን 28 ላይ ይከበራል።

ገና የሚለው ቃል ሦስት ነገር ይሸከማል፤ በዓሉም ገና ነው፣ ጨዋታውም ገና ነው፣ መምቻው ዱላም ገና ነው። «ና» ከላላችበት ደግሞ ያላለቀ፣ ያልደረሰ ማለት ይሆናል። ሲጻፍ አንድ ነው፤ የሚለየው በአፍ ነው። አባቶች የጨዋታውን መነሻ ሲያወሩ ወደ ቤተ ልሔም እረኞች ይወስዱታል። የጌታን መወለድ በሌሊት የሰሙት እረኞች ከደስታቸው ብዛት በያዙት በትር እየመቱ ተጫወቱ ይላሉ። በወንጌሉ ላይ ጨዋታው አልተጻፈም፤ እረኞቹ ግን አሉ። በትር ከእጁ የማይለየው የደጋ እረኛ ራሱን በዚያ ታሪክ ውስጥ ማግኘቱ አይደንቀኝም።

ዱላው አይገዛም፤ ይፈለጋል። ጫፉ በተፈጥሮው የተቆለመመ ቅርንጫፍ ያየ ልጅ ቦታውን ለማንም ሳይናገር ወቅቱን ይጠብቃል። እንዲህ ያለው ካልተገኘ ቀጥ ያለውን እርጥብ እንጨት በእሳት እያሞቁ ጫፉን ያጎብጡታል፤ እስኪደርቅም አስረው ያቆዩታል። ወይራ ከተገኘ ተመራጭ ነው፤ ከባድ ነው፣ ቶሎም አይሰነጠቅም። ዱላው ከተጫዋቹ ቁመት ጋር መመጣጠን አለበት። ቢያጥር ያጎነብሰዋል፣ ቢረዝም ከጓደኛው ቅልጥም ጋር ያጣላዋል። የምትመታዋ ድቡልቡል እንደየቦታው ስምም ሥራም አላት። ከእንጨት ወይም ከዛፍ ሥር ተጠርባ ስትለሰልስ እሩር ትባላለች፤ ከጠፍር ተጠቅልላ ስትሠራ ጥንግ ናት። እሩር ርቃ ትሄዳለች፣ ያገኘችውንም ታቆስላለች። ጥንግ ትነጥራለች።

የቡድን አከፋፈሉን ሳስበው አሁንም ልቤ ይሞላል። ሁለት የቡድን አባቶች ይቆማሉ። የቀረው ሰው በጉልበትና በቅልጥፍና የሚመጣጠነውን እየፈለገ ሁለት ሁለት ይሆናል። ጥንዶቹ ፈንጠር ብለው የምሥጢር ስም ይይዛሉ፤ አንዱ ወርቅ ሌላው ብር፣ አንዱ አንበሳ ሌላው ነብር ይሆናል። ተመልሰው መጥተው ከአባቶቹ ፊት ይቆሙና «ወርቅ ትሻለህ ብር?» ብለው ይጠይቃሉ። አባትየው የመረጠው ስም ባለቤት የእሱ ይሆናል፤ ሌላው ወደ ማዶ ይሄዳል። በዚህ መንገድ ሁለቱ ወገኖች እኩል ይወጣሉ፤ ማንም ሰው መጨረሻ ላይ ሳይመረጥ ቆሞ አያፍርም። መንደር ከመንደር ሲገጥም ግን ይህ ይቀራል፤ ላይኛው አገር ላይኛው ነው፣ ታችኛውም ታችኛው።

ሜዳው ልክ የለውም። የተጫዋቹም ቁጥር ልክ የለውም፤ በአንዱ ወገን ሃያ ሰው ቆሞ ይጀመርና ወሬውን የሰማ ሁሉ እየሮጠ ሲገባ መቁጠር ይቀራል። ወሰኑ ወንዝ፣ ጉብታ፣ ወይም ሁሉም የሚያውቀው አንድ ዛፍ ነው። እሩሯ መሐል ላይ ትጣላለች፣ ዱላ በዱላ ላይ ይወርዳል፣ አንዱ ፈልቅቆ ሲያወጣት ሜዳው በሙሉ ይነቀላል። እሩሯን እየመታ ከተቃራኒው ወሰን ያሻገረ አገባ ይባላል። የሚበረታው ፈጣኑ ብቻ አይደለም። እሩሯ የምትወጣበትን ቦታ አስቀድሞ አውቆ ብቻውን የሚቆም ሰው አለ፤ በዕድሜ የገፉት ጎልማሶች አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው የሚታወቁት። ሩጫው ቢከዳቸውም ሜዳውን ያነቡታል።

በዚያ ቀን ደግሞ ማዕረግ ይወርዳል። በገና ጨዋታ ጌታ እንኳ እንዳይቆጣ የሚከለክለው የቆየ አባባል በየቤቱ ይታወቃል። ሎሌው የጌታውን ቅልጥም ቢመታ፣ ድሀው ባለጸጋውን ገፍቶ ቢጥል፣ አሸናፊው ተሸናፊውን በግጥም ቢሳደብ ቂም አይያዝም። መሬት የሁሉ በሆነበት ወር ሰውም ለአንድ ከሰዓት እኩል መሆኑን እንዲያው አጋጣሚ ነው ብዬ አላልፈውም። የታጠረው ማሳና የተከበረው ሰው አጥራቸውን የሚከፍቱት በአንድ ወቅት ነው። ማምሻው ላይ አሸናፊዎቹ እየዘፈኑ በየደጁ ይዞራሉ፤ ጠላ ይቀዳላቸዋል፤ ተሸናፊውም አብሮ ይጠጣል።

ከእኛ ርቆ ይህንኑ የሚያደርግ ሌላ ደገኛ አለ። በሰሜናዊት ስኮትላንድ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ሺንቲ የሚባል ጨዋታ አላቸው። ጫፉ በተቆለመመ ዱላ ድቡልቡል ይመታሉ፤ በጥንት ልማዳቸው በብርድ ወር፣ በአዲስ ዓመታቸው ዕለት፣ መንደር ከመንደር ይገጥም ነበር፤ የሰው ቁጥርም አይገደብም ነበር። በ1893 እ.ኤ.አ. ማኅበር አቋቁመው ሕጉን ጻፉ። የጎረቤታቸው የአየርላንድ ኸርሊንግም እንዲሁ ነው። በ1884 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ማኅበር ይመራዋል፤ በእያንዳንዱ ወገን 15 ሰው ይሰለፋል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። ተጫዋቾቹ ደመወዝ አይከፈላቸውም፤ የሚሰለፉት ለተወለዱበት አጥቢያና አውራጃ ነው።

የአሜሪካን ቤዝቦል ያነሣሁ እንደሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። በዱላና በድቡልቡል የሚኖር ጨዋታ ቢሆንም፣ በትልቁ ሊግ ውስጥ እያንዳንዱ ቡድን በአንድ ወቅት 162 ጊዜ ይጫወታል፤ እያንዳንዷ ምት በቁጥር ትመዘገባለች። ወቅቱ ሲዘጋ የዓመቱ ታሪክ ተጽፎ ይቀመጣል፤ መቶ ዓመት ቆይቶ የሚወለድ ልጅ ያነበዋል። የእኛ ገና ይህ የለውም። የወቅቱ መዝገብ ገበያ ነው። ስሟን ከገበያ ቀኗ ባገኘችው ሮብ ገበያም ቢሆን፣ ከተራራው በላይና በታች የሚወርደው ሰው ገብሱንና ድንቹን ሲሸጥ የዓመቱን ገና አብሮ ያወራል። ማን አገባ፣ የማን ዱላ ተሰበረ፣ የትኛው ጎጥ ሦስት ዓመት ሙሉ ተሸንፎ ዘንድሮ ተነሣ፣ የማን አማች ወድቆ ማን አነሣው። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ገና ራሱ ሮብ ዋለ። ጾም የሚጾምበት ቀን ቢሆንም ልደት ሲውልበት ይበላበታልና በዓሉም ገበያውም በአንድ ቀን ተገናኙ።

የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ገናን ከትግል፣ ከገበጣ፣ ከፈረስ ጉግስና ከሌሎቹ ጋር ሕግ አውጥቶለት በየዓመቱ ክልሎች የሚወዳደሩበት አድርጎታል። ልክ ያለው ሜዳ፣ ዳኛ፣ ሰዓትና መለያ አለው። ይህን አመሰግናለሁ፤ ባይኖር ኖሮ ከከተማ ልጅ ስንቱ ገናን በዓይኑ ያይ ነበር? ነገር ግን ውድድሩ ከማሳው ወጥቷል። በየቀበሌው የሚደረገውን፣ ከእረኛ ጀምሮ እስከ ሽማግሌ የሚያሳትፈውን ወቅት የሚጽፍለት የለም። ወረዳ በየዓመቱ የገብሱን ምርት በኩንታል ይመዘግባል። ከዚያው ማሳ ላይ ማን ከማን እንደተጫወተ፣ ምን እንደተገጠመ፣ ምን ቃል እንደተነገረ በአንድ ደብተር ቢመዘገብ ብዙ ድካም አይጠይቅም። አንድ የትምህርት ቤት መምህርና ሁለት ተማሪዎች ይበቁታል። ይህን የምለው አጣድፌ ነው። የጋራ ግጦሹ ጠብቧል፣ ባሕር ዛፍ ማሳውን ወርሷል፣ ልጆቹም ኳሱን በእግር መምታት ወደዋል። እግር ኳሱን አልጠላውም። የሚያሳስበኝ የቡድን አባቶቹን አመራረጥና የጥንዶቹን የምሥጢር ስሞች የሚያውቁት ሰዎች ማርጀታቸው ነው።

ጥር ሲገባ ነገሩ ወደ ጥምቀትና ወደ ሠርግ ይዞራል። ያልተሰበረው ዱላ ከምድጃው በላይ፣ ጢሱ ከሚያገኘው ማገር ላይ ይሰካል። እዚያ ሆኖ በልግንም ክረምቱንም ይጠቁራል፤ ልጁ ደግሞ በዚያው ጊዜ ያድጋል። በሚቀጥለው ኅዳር ሲያወርደው መጀመሪያ የሚያደርገው ከጎኑ አቁሞ መለካት ነው።