ናፖሊዮን፣ ባለ ጉብታው የኮራል ዓሣ

ዋልያንና ጭላዳን ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል አንድ የባሕር ግዙፍም መዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1835፣ ስለ ሐበሻ እንስሳት ባሳተመው ሥራ፣ ከቀይ ባሕር ዓሦች ጋር የገለጸው ይህ ፍጡር ዛሬ ናፖሊዮን ዓሣ ይባላል። ዕድሜው ሲገፋ ግንባሩ ላይ የሚወጣው ጉብታ የንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮንን ባርኔጣ ይመስላል ተብሎ ነው።

ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ክብደቱ እስከ 190 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ከቀይ ባሕር አንሥቶ እስከ ፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ድረስ ኮራል ባለበት ሞቃት ውሃ ይገኛል። ጫጩቶቹ በኮራል ቅርንጫፎችና በባሕር ሣር ውስጥ ተሸሽገው ያድጋሉ። ትልልቆቹ ደግሞ ኮራሉ አልቆ ውሃው ገደል ወደሚሆንበት ዳርቻ ይወጣሉ፤ ቀን ምግብ ሲፈልጉ ውለው ሌሊት ዋሻ ውስጥ ይተኛሉ።

ምግቡ የሌላውን ዓሣ አፍ የሚያስመርር ነው፦ ዛጎል ለበስ ቀንድ አውጣ፣ እሾኻም የባሕር ጃርት፣ መርዛማ ፍጥረት ሳይቀር። ኮራል እየጋጠ የሚጨርሰውን ባለ እሾህ የባሕር ኮከብም ይበላል። ስለዚህ ለኮራሉ ባለውለታ ነው።

ሴቶቹ ለመራባት የሚደርሱት ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። በ9 ዓመት አካባቢ አንዳንዶቹ ወደ ወንድነት ይለወጣሉ፤ ከ30 ዓመት በላይ የሚኖሩም አሉ። ጣጣው እዚህ ላይ ይጀምራል። ጠላቂ አዳኞች ሌሊት ዋሻ ውስጥ ተኝተው የሚያገኟቸውን ግዙፎች፣ በተለይም ወንዶቹን፣ በጦር ይወጋሉ። የሆንግ ኮንግና የቻይና ምግብ ቤቶች ደግሞ ለአንድ ሳህን የሚበቃውን፣ ገና እንቁላል ያልጣለውን፣ በሕይወቱ ይፈልጉታል፤ አንዳንድ አጥማጆችም በሳያናይድ መርዝ አደንዝዘው ይይዙታል። በዚህ መልኩ ትልቁም ትንሹም ካለቀ የሚተካ ከየት ይመጣል? «እናረባዋለን» የሚሉት ነጋዴዎችም ቢሆኑ በአብዛኛው ከባሕር የለቀሙትን ጫጩት በመረብ አጥር ውስጥ ያሳድጋሉ እንጂ አያስፈለፍሉም።

እ.ኤ.አ. በ2004 ለመጥፋት የተቃረበ ተብሎ ተመዘገበ፤ በዚያው ዓመት ዓለም አቀፍ ንግዱ በፈቃድ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ሕጉን ማምለጥ ግን ቀላል ነበር፤ ፈቃድ ያለው ዓሣ ሲሸጥ በኮንትሮባንድ የገባ ሌላ ዓሣ በሻጩ ገንዳ ውስጥ ይተካ ነበር። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ተመራማሪዎች ዘዴ አገኙ። የዓሣው ፊት ላይ ያሉት መስመሮች እንደ ሰው የጣት አሻራ ከአንዱ ወደ አንዱ ስለሚለያዩ፣ ፎቶ አንሥቶ ዓሣውን በመልኩ የሚለይ የስልክ መተግበሪያ ሠሩ።